ሰጋቱራ ቆሻሻ አይደለም፦ ሼዳችንን ላስለቀቀን ጽሕፈት ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ሼዳችንን በደብዳቤ ላስለቀቀን ጽሕፈት ቤት ኃላፊ

ጉዳዩ፦ የሰጋቱራ ማድረቂያና የማገዶ ማምረቻ ቦታ እንዲሰጠን፣ ሰጋቱራውም ከቆሻሻ ጋር ተደባልቆ እንዳይጫን ስለመጠየቅ

ክቡር ኃላፊ፣

በቅድሚያ አክብሮት የተሞላ ሰላምታችንን እናቀርባለን።

እኛ በመሀል አዲስ አበባ ከእንጨት ሥራ ቤቶች ሰጋቱራ እየሰበሰብን ማገዶ የምንሠራ 14 ሰዎች ነን። አሥሩ ሴቶች ናቸው። ከጭድ ተራ ተነስተን በተክለ ሃይማኖት አድርገን እስከ ጌጃ ሰፈር ድረስ፣ ጠዋት ጠዋት ማዳበሪያ ተሸክመን ከአንዱ አናጺ ወደ ሌላው እንሄዳለን። ስድስት ዓመት ሆነን። ማሽኑን የገዛነው በብድር ነው። ብድሩ ገና አላለቀም።

በሰኔ መጀመሪያ ከጽሕፈት ቤትዎ አንድ ገጽ ደብዳቤ ደረሰን። ሼዱ ለሌላ ሥራ ስለሚፈለግና እሳት ሊያስነሳ ስለሚችል፣ በአምስት ቀን ውስጥ «የተከማቸውን ደረቅ ቆሻሻ» አንስተን እንድንለቅ ይላል። በዚያው ሳምንት ለአናጺዎቹም ማሳሰቢያ ሄደ። ሰጋቱራቸውን ለማንም እንዳይሰጡ፣ ለቆሻሻ መኪና ብቻ እንዲያስረክቡ ታዘዙ።

ቢሮ አምስት ጊዜ መጥተናል። ሁለቴ ስብሰባ ላይ ናችሁ ተባልን። አንዴ «በጽሑፍ አምጡ» ተባልን፣ ጽፈን አመጣን። በአራተኛው ያስገባነው ወረቀት ጠፋ። በአምስተኛው «ነገ ተመለሱ» የሚል መልስ አገኘን። ከዚህ በኋላ ነው ሁሉም ሰው እንዲያነበው ለመጻፍ የወሰንነው።

አንደኛው ቅሬታችን ስለ ጊዜው ነው። ሰኔ ክረምት የሚገባበት ወር ነው። ሼዱ ሲታሸግ ውስጥ የነበረው 70 ማዳበሪያ ሰጋቱራ ደጅ ላይ ተደረደረ። ሸራ ለመከራየት ስንሯሯጥ ዝናቡ ቀደመን። ማዳበሪያዎቹ ውሃ ጠጥተው አበጡ። ደረቅ ሳሉ ሁለት በአንድ የምንሸከማቸውን፣ አሁን አንዷን ለማንሳት ሦስት ሰው አስፈለገ። በስምንተኛው ቀን አንዷ አባላችን ከቁልሉ መሀል አንዱን ማዳበሪያ ፈታች። እጇን እስከ ክርኗ ከተተችና ወዲያው መለሰችው። ውስጡ ትኩስ ነበር። እንፋሎት ይወጣዋል። ሽታው የኮመጠጠ የጠላ ድፍድፍ ነው። እሷ ምንም አላለችም። ማዳበሪያውን መልሳ አሰረችው፣ አጠገቡም ቁጭ አለች።

ይህ ለምን እንደሚሆን እናውቃለን። እርጥብ ሰጋቱራ ሲከመር ረቂቅ ሕዋሳት ይበዙበታል። እነሱ ሙቀት ይፈጥራሉ። ቁልሉ ትልቅ ከሆነና ሙቀቱ መውጫ ካጣ፣ ክብሪት ሳይጫርበት በራሱ እስከ መንደድ ይደርሳል። የእሳት ስጋታችሁን አናጣጥልም። ሰጋቱራ ይነዳል። አየር ላይ የበነነ ደቃቅ ብናኝማ ከመንደድ አልፎ ይፈነዳል። ለዚህም ነው ሼዱ ውስጥ ሲጋራ የማይጨሰው፣ በየማታው የሚጠረገው፣ አሸዋ የተሞሉ ባልዲዎች በሩ ላይ የሚቀመጡት። ነገር ግን እሳት ይነሳል ብላችሁ ደረቁን ከጣሪያ ሥር አውጥታችሁ ዝናብ ላይ ከመራችሁት። አደጋው ያን ቀን ጨመረ። አንድ የእሳት ባለሙያ አምጥታችሁ ብታሳዩት ኖሮ ይህን ይነግራችሁ ነበር። ስድስት ዓመት ስንሠራ አንድም ቀን የመጣ ተቆጣጣሪ አልነበረም።

ሁለተኛው ቅሬታችን «ደረቅ ቆሻሻ» የሚለው ቃል ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ይታገሡን። ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህ ቃል ነውና።

ጭቃ ቤት ሲሠራ ያየ ሰው እንጨት ምን እንደሆነ ለመረዳት አይቸገርም። ጭቃ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ጭድ ብቻውን ግድግዳ አይሆንም። የጤፍ ጭድ ከጭቃው ጋር ተረግጦ፣ ቀናት ተቀምጦ ሲበስል ግን ግድግዳው ዘመን ይሻገራል። ዛፍም እንደዚያ ነው። ሴሉሎስ የሚባለው ክር እንደ ጭዱ ነው። ክሩን አቅፎ የሚያጠነክረው ደግሞ ሊግኒን ይባላል። ጭቃው እሱ ነው። ባህር ዛፍ ያን ያህል ቁመት ይዞ ነፋስ የሚችለው በሊግኒን ነው። ከደረቅ እንጨት ክብደት ውስጥ ከ20 እስከ 30 በመቶ የሚሆነው ሊግኒን ነው። አናጺው ሲሰነጥቅ መሬት ላይ የሚወድቀው ብናኝም ያው እንጨት ነው። መጋዝ ስላለፈበት አንዳች አልጎደለበትም።

ሊግኒን ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ሲቀዘቅዝ መልሶ ይጠነክራል። የእኛ ሥራ በዚህች ጠባዩ ላይ የቆመ ነው። በማሽናችን ዙሪያ ማሞቂያ አለ። ሙቀቱ ወደ 300 ዲግሪ ይጠጋል። ሰጋቱራው ስክሩ በሚባለው ጠመዝማዛ ብረት እየተገፋ ሲገባ ይታመቃል፣ ይሞቃል፣ በራሱ ሊግኒን ይጣበቃል። ሙጫ አንጨምርም። ሞላሰስም ሸክላ አፈርም አንጨምርም። ከማሽኑ አፍ ሲወጣ መሀሉ ክፍት የሆነ፣ ክንድ የሚያክል ማገዶ ነው። ላዩ ጠቁሮ እንደ ተወለወለ ወንበር ያበራል። ያ የሚያበራው የለሰለሰው ሊግኒን ነው። ሁለቱን ሲያጋጩት እንደ ሸክላ ይጮሃል። ጃፓኖች በዚህ ዘዴ የሰጋቱራ ማገዶ ማምረት ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል።

አንድ ነገር ብቻ ይፈልጋል። ደረቅ መሆን። በሰጋቱራው ውስጥ ያለው እርጥበት ከ10 በመቶ እምብዛም ማለፍ የለበትም። ካለፈ ውሃው ማሽኑ ውስጥ እንፋሎት ይሆናል። መውጫ ሲያጣ ማገዶውን ማሽኑ አፍ ላይ ይበታትነዋል። እኛ ጣሪያ ጣሪያ የምንለው ለምቾት አይደለም። ጣሪያ ከሌለ ሥራው የለም።

ዓለም ይህን «ቆሻሻ» ምን እንደሚያደርገው ጥቂት ልንገርዎ። ወረቀት ፋብሪካዎች ክሩን ለወረቀት ወስደው ሊግኒኑን በኬሚካል አጥበው ያወጡታል። የሚወጣው ጥቁር ፈሳሽ ግን አይደፋም። ውሃውን አትነው ያነዱታል፤ ፋብሪካው የሚሠራበት እንፋሎትና መብራት ከዚያ ይመጣል። ከሌላ ዓይነት የወረቀት ፋብሪካ የሚገኘው፣ ሊግኖሰልፎኔት የተባለው የሊግኒን ውጤት ኮንክሪት ውስጥ ይገባል። ሳይት ላይ ሠራተኛው በደፈናው «ኬሚካል» ከሚለው አንዱ ነው። ውሃ ሳይበዛ ኮንክሪቱ እንዲፈስ ያደርጋል። የአፈር መንገድ አቧራ ለማስተኛትም ይረጫል። ኖርዌይ ውስጥ ሳርፕስቦርግ በምትባል ከተማ ቦሬጋርድ የተባለ ፋብሪካ አለ። ከእንጨት ሊግኒን የቫኒላ ጣዕም ያወጣል። ኬክ ውስጥ የሚገባውን ቫኒላ ማለታችን ነው።

ሩቅ መሄድም አያስፈልግም። ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ማምረት ጀመረ። በስኳር ፋብሪካ አገዳው ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረው ምጣጭ እዚያው ቦይለር ውስጥ ገብቶ ፋብሪካውን ያንቀሳቅሳል። ማንም የአገዳውን ምጣጭ በቆሻሻ መኪና አያስጭንም።

እኛ እዚህ ደረጃ አልደረስንም። ቫኒላ እናወጣለን አንልም። ግን የያዝነው ነገር ያው ነው።

በሰፈራችንም ሰጋቱራ አዲስ አይደለም። ስሙ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፤ ከአናጺዎቹ ቋንቋ ጋር አብሮ ኖሯል። እናቶቻችን በጣሳ ውስጥ ጠርሙስ አቁመው ዙሪያውን ሰጋቱራ ይጠቀጥቁ ነበር። ጠርሙሱን ቀስ አድርገው ሲመዙት መሀሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል። ከሥር ሲለኮስ ወጥ ሠርቶ ቡና አፍልቶ ያመሻል። ነዳጅና ከሰል በጠፋ ጊዜ ስንት ቤት በዚያች ጣሳ አደረ።

ሦስተኛው ቅሬታችን ስለ አሰባሰቡ ነው። አናጺዎቹ ዛሬ የሚሠሩት በጽድና በዋንዛ ብቻ አይደለም። ኤም ዲ ኤፍና ቺፑድ በዝቷል። እነዚህ የተፈጨና የተከታተፈ እንጨት በኬሚካል ሙጫ ተጣብቆ የተሠሩ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ሙጫው ዩሪያ ፎርማልዴሃይድ የሚባለው ነው። የእነሱ ብናኝ ምድጃ ውስጥ ሲነድ ዓይን የሚያቃጥል መርዛም ጭስ ያወጣል። ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ለየእንጨት ቤቱ ሁለት ሁለት ማዳበሪያ ሰጠን። አንዱ ለንጹሕ እንጨት፣ አንዱ ለኤም ዲ ኤፍ። ማዳበሪያዎቹን በቀለም ምልክት አደረግንባቸው። እስኪለመድ ሁለት ዓመት ፈጀ። ልጆቹ ማሽን ሲቀይሩ ማዳበሪያም እንዲቀይሩ በስንት ልመና ነው ያስለመድናቸው።

ይህ ሁሉ በአንድ ማሳሰቢያ ፈረሰ። አሁን ንጹሑም ኤም ዲ ኤፉም ምስማሩም የቀለም ጣሳውም ላስቲኩም አንድ ላይ ይጫናል። አንድ አረጋዊ አናጺ አሉ፤ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በየሳምንቱ ስምንት ማዳበሪያ ይሰጡን ነበር፣ በማዳበሪያ 30 ብር እንከፍላቸዋለን። ባለፈው ሳምንት ስሄድ ሰጋቱራው እስከ መጋዙ እግር ድረስ ተቆልሏል። መኪናው ለአሥራ ሁለት ቀን አልመጣም። ለእኛ እንዳይሰጡ ደግሞ ቅጣት ፈሩ። «ልጄ፣ እኔ ልስጥሽ፣ ግን እነሱ ምን ይሉኛል?» አሉኝ። ብናኙ አየር ላይ ሲንሳፈፍ በመስኮቱ ብርሃን ይታያል። የእንጨት ብናኝ ለዓመታት ሲተነፈስ የአፍንጫ ካንሰር እንደሚያመጣ በዓለም የጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ጥናት ተቋም ካረጋገጠ ቆይቷል። ሰጋቱራ ቶሎ መነሳት ያለበት ለማገዶ ሲባል ብቻ አይደለም። እሳቸው የሚያስሉት ሳል አዲስ አይደለም፤ ቁልሉ ግን አዲስ ነው።

ሌላም ጉዳት አለ። አንዲት እንጀራ ጋጋሪ ደንበኛችን ማገዶ ስናጣባት ከመንገድ ዳር ርካሽ ሰጋቱራ ገዛች። ኤም ዲ ኤፍ ነበረበት። እሷና ሕፃን ልጇ በዚያ ጭስ ሲያለቅሱ ዋሉ። ጎረቤት ነው በር ከፍቶ ያወጣቸው። እኛ ብንኖር ይህ ብናኝ ምድጃዋ ጋ አይደርስም ነበር።

የተቀላቀለው ቆሻሻ የሚደርስበትን ቦታ ሁላችንም እናውቃለን። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ ላይ የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከመቶ በላይ ወገኖቻችንን ቀብሯል። ከዚያ ቀን በኋላ ወደ ክምር የሚሄደውን ነገር መቀነስ የማንም ትርፍ ጉዳይ አይደለም። በክምር ላይ አንድ ማዳበሪያ እንኳ እንዳይጨመር ጥረት የምታደርግ ከተማ፣ ራሳቸው ፈልገው የሚያነሱላትን ሰዎች ለምን ታባርራለች?

አራተኛው ስለ ምትክ ቦታው ነው። ምትክ አልሰጣችሁንም አንልም። ሰጥታችኋል። የሰጣችሁን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ነው። ሊፍት የለውም። ሦስት ፌዝ መብራት የለውም። የእኛ ማሽን ያለ ሦስት ፌዝ አይነሳም። ከጎን ልብስ ስፌት፣ ከታች ምግብ ቤት አለ። 40 ማዳበሪያ ሰጋቱራ በየቀኑ በደረጃ ይውጣ ቢባል እንኳ፣ ሰው በሚበዛበት ፎቅ ላይ ብናኝ ማስቀመጥ እኛም አንስማማበትም። በእሳት ስጋት ካስለቀቃችሁን በኋላ እሳቱ ይበልጥ የሚያሰጋበት ቦታ ሰጣችሁን። ይህን ለማስረዳት ስንሞክር «ምትክ እምቢ ያሉ» ተብሎ ተጻፈብን። ይህ ጽሑፍ ከፋይላችን እንዲወጣ እንፈልጋለን። እምቢ አላልንም።

ከመባረራችን በፊት አዲስ ነገር ጀምረን እንደነበርም ይወቁልን። ከከተማው ዳር ካለ የቡና ማበጠሪያ ገለባ አምጥተን ከሰጋቱራ ጋር መደባለቅ ሞክረን ነበር። የቡና ገለባ ብቻውን አመዱ ይበዛል። ከእንጨት ብናኝ ጋር ሲሆን ግን ጥሩ ነደደ። ሁለት አባሎቻችን ደግሞ ለዶሮ አርቢዎች ጉዝጓዝ፣ ለእንጉዳይ አብቃዮችም ሰጋቱራ ማቅረብ ጀምረው ነበር። እንጨት ላይ የሚበቅል እንጉዳይ ሊግኒንን ራሱ እየሰበረ ነው የሚያድገው። ከፍጥረት ሁሉ ይህን በደንብ የሚችሉት ጥቂት ናቸው። ይህ ሁሉ ቆሟል። ከአባላቶቻችን ሦስቱ የቀን ሥራ ገብተዋል። አንዷ ወደ አገር ቤት ተመልሳለች።

እኛ ባቆምን ቁጥር ሰው ወደ ከሰል ይመለሳል። በባህላዊ ጉድጓድ አንድ ኪሎ ከሰል ለማውጣት ከ5 እስከ 10 ኪሎ እንጨት ይቃጠላል። ያ እንጨት ከየት እንደሚመጣ በየጠዋቱ ወደ ከተማዋ የሚገባው ከሰል የጫነ አይሱዙ ይናገራል። በእንጦጦ መንገድ ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው ጎብጠው የሚወርዱት እናቶችም ይናገራሉ።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው።

ምድር ቤት ላይ የሆነ፣ ጣሪያ ያለው፣ አየር የሚያስገባ፣ ሦስት ፌዝ መብራት የገባለት ቦታ ይሰጠን። የድሮው ሼድ ካልተቻለ ሌላ ይሁን፣ ግን አናጺዎቹ ካሉበት በእግር የሚደረስ ይሁን። ኪራዩን እንከፍላለን። ስድስት ዓመት አንድም ወር አላሳለፍንም።

ለእንጨት ሥራ ቤቶቹ የተላከው ማሳሰቢያ ይሻር። በምትኩ ንጹሕ የእንጨት ብናኝና ኤም ዲ ኤፍ ለየብቻ እንዲቀመጥ የሚያዝ ይጻፍ። ኤም ዲ ኤፉን መኪናው ይውሰድ፤ ንጹሑን እኛ በጽሑፍ ውል እናንሳ። በሁለት ቀን አንዴ ካላነሳን ውሉ ይፍረስ።

የእሳት መከላከያ ባለሙያ ይምጣና ሥራችንን ይመርምር። ጎደለ የሚለውን በራሳችን ወጪ እናሟላለን። ከአምስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የምህንድስና መምህራን ጋር የሚያገናኘን የትብብር ደብዳቤም ጻፉልን። ማገዶአችን ምን ያህል ሙቀት እንደሚሰጥ፣ ጭሱ ምን እንደሚይዝ በላቦራቶሪ ይለካ። ውጤቱ ለእኛ ባይመች እንኳ ይፋ ይደረግ።

በሰነዶቻችሁ ላይ ሰጋቱራ፣ የቡና ገለባና የአገዳ ምጣጭ «ጥሬ ዕቃ» ተብለው ይጻፉ።

በዝናብ ለተበላሸው 70 ማዳበሪያ ካሣ አንጠይቅም። የብድር ተቋሙ ግን ቦታ እስክናገኝ ክፍያችንን እንዲያራዝምልን ሼዱ በእናንተ ውሳኔ መታሸጉን የሚገልጽ አንድ ደብዳቤ ይጻፍልን። የሚቀጥለው ክፍያ ነሐሴ 15 ነው።

መልሱን በጽሑፍ እንጠብቃለን። ማሽኑ አሁን በአንዷ አባላችን ግቢ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ ቆሟል። በየሦስት ቀኑ ተራ ገብተን እንዳይዝግ ዘይት እንቀባዋለን።

ከአክብሮት ጋር

የሰጋቱራ ሰብሳቢዎችና ማገዶ አምራቾች ማኅበር ጸሐፊ፣
ስለ 14ቱም አባላት

ግልባጭ፦
ለእንጨት ሥራ ቤቶች ባለቤቶችና ሠራተኞች
ማገዶአችንን ለሚጠቀሙ እንጀራ ጋጋሪዎች
ለከተማው ነዋሪ